ጎረቤትን ለማስተኛት የተለጠፈ ስፖንጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ጭፈራ ቤት የከፈተ ሰው ከግብር ቀጥሎ የሚፈራው የጎረቤትን አቤቱታ ነው። መጀመሪያ ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አባት ወርደው በትህትና ይናገራሉ። በሳምንቱ ደግመው ይመጣሉ፤ አሁን ትህትናው ቀንሷል። ከዚያ ነገሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሄዳል። የድምፅ መለኪያ የያዘ ባለሙያ መጥቶ ቁጥር ያነባል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ካልተስተካከለ በሩ ይታሸጋል። በድምፅ ብክለት ምክንያት ቤት ታሸገ የሚለው ዜና በየጊዜው የሚሰማ ስለሆነ ማንም አይገረምበትም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከሚቆጣጠራቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 45 ዴሲቤል ሁለት ሰዎች ተራ ወሬ ከሚያወሩበት ድምፅ ያነሰ ነው። በዚህ ልኬት አጥብቆ ለሚሄድ ተቆጣጣሪ ከተማዋ ውስጥ ስንት ጭፈራ ቤት እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። (የማምለኪያ ቦታዎችን የድምፅ ማጉያ ማንሳት ሌላ ጽሑፍ፣ ምናልባትም ሌላ ድፍረት ይጠይቃል።)

ባለቤቱ ማስጠንቀቂያውን ኪሱ ከትቶ መፍትሔ ማፈላለግ ይጀምራል። ዲጄውን ይጠይቃል፣ ስፒከር የሚያከራየውን ልጅ ይጠይቃል፣ አናጺውን ይጠይቃል። መልሱ አንድ ነው፦ «ስፖንጅ አስለጥፍ!»

ስፖንጁ ይገዛል። ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ ፊቱ እንደ እንቁላል መያዣ ወጣ ገባ ያለ ወይም ትናንሽ ፒራሚድ የተደረደረበት። በማስቲሽ ግድግዳው ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ከመድረኩ ጀርባ ይለጠፋል። ቤቱ የሠለጠነ ይመስላል። ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ድምፁ በእርግጥም ይጠራለታል። ባለቤቱ ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ አምኖ እፎይ ይላል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ስህተት አብሮ ተለጥፏል። አንደኛ፣ ያ ስፖንጅ ከላይ ያሉትን አባት አያስተኛቸውም። ሁለተኛ፣ ስፖንጁ ተራ ከሆነ አንድ ብልጭታ ቤቱን በደቂቃ ተኩል ውስጥ ወደ ምድጃ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፤ የመጀመሪያው ግን ይበልጥ ያበሳጫል። በዚህ መንገድ የሞቱት ሰዎች ከመነሻውም ለማይሠራ መፍትሔ ሲባል ሞቱ ማለት ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ስፖንጅ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተገናኙ እልፍ ቀዳዳዎች ያሉት ነገር ነው። ድምፅ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲገባ አየሩ ከቀጫጭን ግድግዳዎቻቸው ጋር ይፋተግና ጉልበቱን ያጣል፤ ጉልበቱ ወደ ኢምንት ሙቀት ይለወጣል። በዚህም ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ይቀንሳል፣ ክፍሉ ማስተጋባቱን ይተዋል። ለስቱዲዮ፣ ለስብሰባ አዳራሽ፣ ሃያ ጠረጴዛ ላለው ምግብ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሰምቶ ግማሹን ያልያዘ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል።

ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ ማገድ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሚያግደው ክብደት ነው፦ ወፍራም ብሎኬት፣ ኮንክሪት፣ መሐሉ ክፍተት ያለው ድርብ የጂብሰም ግድግዳ፣ ዙሪያው በጎማ የተዘጋ ከባድ በር። የአንድን ግድግዳ ክብደት እጥፍ ማድረግ የሚያልፈውን ድምፅ በግምት በ6 ዴሲቤል ይቀንሰዋል። አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ አንድ ካሬ ሜትሩ ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይከብድም። እሱን ለጥፎ ድምፅ አገድኩ ማለት በመጋረጃ ጎርፍ እንደ መገደብ ነው። ቤዝ ላይ ሲደርስማ ጭራሽ ነው፤ የ50 ሄርዝ ቤዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። አምስት ሳንቲሜትር ስፖንጅ መኖሩንም አያውቀውም። አባትን ከእንቅልፋቸው የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ያው ቤዝ ነው እንጂ የዘፋኙ ድምፅ አይደለም።

አሁን ወደ እሳቱ። ግንድ በክብሪት አይቀጣጠልም፤ ጭራሮ ይቀጣጠላል። ልዩነቱ አየር የሚነካው ገላው ስፋት ነው። ስፖንጅ ደግሞ ከጭራሮም የባሰ ነው፤ ሁለመናው ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ሁሉ አየር ነው። ድምፅን እንዲመጥ ያደረገው ያ ቀዳዳነቱ እሳትንም እንዲጋብዝ ያደርገዋል። ላይ ደግሞ ተራው ስፖንጅ የተሠራበት ፖሊዩሬቴን የነዳጅ ዘይት ውጤት ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች «ጠጣር ቤንዚን» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሲነድ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሳይሆን ሃይድሮጂን ሳያናይድ አለ። ነበልባሉ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ትንፋሽ ስቦ ባለበት የሚወድቀው በዚህ ነው።

ይህ እንዲሁ ለማስፈራራት የሚባል አይደለም፤ በሰከንድ ተለክቷል።

በአሜሪካ ትንሿ ግዛት ሮድ አይላንድ፣ ዌስት ዋርዊክ በምትባል ከተማ «ዘ ስቴሽን» የሚባል የሮክ ሙዚቃ ቤት ነበር። ሁለት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2000 ሲረከቡት የጎረቤት ቅሬታውንም አብረው ተረከቡ። ከቅሬታ አቅራቢዎቹ አንዱ የስፖንጅ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ነገሩ እዚያው ተፈታ፦ በ580 ዶላር ገደማ ስፖንጅ ተገዛና መድረኩ ዙሪያ ተለጠፈ። የተሸጠው እሳት እንዲቋቋም የተዘጋጀ የድምፅ ፎም አልነበረም፤ ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆን ተራ ፖሊዩሬቴን ነበር። ከሥሩም ቀደም ብሎ የተለጠፈ ሌላ የፕላስቲክ ፎም ነበረ።

የካቲት 13 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003)፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት እንዳለፈ፣ «ግሬት ኋይት» የተባለው ባንድ መድረክ ላይ ወጣ። የባንዱ የጉዞ አስተዳዳሪ ርችት ለኮሰ። ብልጭታው ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ስፖንጅ ነካ።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ በካሜራ ተይዟል። የተያዘበት ምክንያት ራሱ ለማመን ያስቸግራል። ከሦስት ቀን በፊት ቺካጎ ውስጥ በአንድ ጭፈራ ቤት በተፈጠረ መረጋገጥ 21 ሰዎች ሞተው ስለነበር፣ የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ጭፈራ ቤቶች ደህንነት ዘገባ ሊሠራ ካሜራማኑን ወደዚያ ቤት ልኮ ነበር። ከቤቱ ባለቤቶች አንዱም የዚያው ጣቢያ ሪፖርተር ነበር። ዘገባው ሳይሠራ ማስረጃው ተሠራ።

በቀረጻው ላይ መጀመሪያ ሰው ያጨበጭባል፤ እሳቱ የትርዒቱ አካል መስሎታል። በግማሽ ደቂቃ ገደማ ባንዱ መጫወቱን ያቆማል። በ41ኛው ሰከንድ የእሳት ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ከዚያ ሰው ሁሉ በገባበት በር ሊወጣ ይሮጣል፤ ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፣ ነገር ግን ሰው በጭንቀት ጊዜ የሚያስታውሰው የገባበትን ነው። 90 ሰከንድ ሳይሞላ ዋናው በር ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ መውጫው ተዘጋ። በዚያች ሌሊት ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ከ400 በላይ ሰዎች 100 ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ዘጠና ሰከንድ አንድ ሰው ቢራውን አስቀምጦ ጃኬቱን ፈልጎ ጓደኛውን በስም እስኪጠራ ያለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ 939 ተደውሎ አድራሻው በትክክል ሳይነገር የሚያልቅ ጊዜ ነው። መኪናው ከጣቢያው መውጣቱ፣ ቦሌ መንገድ ላይ መዘጋቱ፣ ቧንቧ ፍለጋው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ዓይነት እሳት በተመለከተ «የእሳት አደጋ ዘገየ» ብሎ መውቀስ ጉዳዩን መሳት ነው። ቢፈጥንም አይደርስም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም መድረኩንና የአዳራሹን ክፍል አስመስሎ ሠርቶ አቃጠለው። ውሃ የሚረጭ የጣሪያ ቧንቧ ባልነበረው ሙከራ ክፍሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ ሰው የማይኖርበት ሆነ። ስፕሪንክለር በተገጠመበት ሙከራ ግን ያው ስፖንጅ በዚያው መንገድ ተለኩሶ ሰው ቆሞ መውጣት የሚችልበት ሁኔታ ቆየ። ስቴሽን ስፕሪንክለር አልነበረውም። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ አይገደድም ተብሎ ታልፏል።

ስለ ተቆጣጣሪው ያለው ታሪክ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የከተማዋ የእሳት ተቆጣጣሪ ቤቱን ከአንድ ጊዜ በላይ ፈትሾ ነበር። ከመድረኩ አጠገብ ያለው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆኑ አናደደው፤ ደጋግሞ ጻፈበት፣ እንዲነሳም አዘዘ። በሩ ራሱ ስፖንጅ ተለጥፎበት ነበር። ተቆጣጣሪው በኋላ ለመርማሪዎች ሲናገር ስፖንጁን ልብ አላልኩትም አለ፤ ትኩረቱ ሁሉ በሩ ወደየት እንደሚከፈት ላይ ነበር። ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ዝርዝር ይዞ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ስፖንጁ ግን ዓይኑ ውስጥ አልገባም። ለዓይን ስፖንጅ ግድግዳ ነው፣ ጌጥ ነው፤ በቤቱ ካለው ነገር ሁሉ የበለጠ ተቀጣጣይ መሆኑን ቀለሙ አይናገርም።

ፍርዱ ብዙዎችን አላረካም። ርችቱን የለኮሰው ሰው አራት ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት፤ ከባለቤቶቹ አንዱም እንዲሁ አራት ዓመት፣ ሌላው ከእስር ተረፈ። በፍትሐ ብሔር ክሱ ግን ስፖንጅ ሠሪና ሻጭን ጨምሮ በርካታ ተከሳሾች ተደማምሮ 176 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተጎጂዎች ከፈሉ። ለ580 ዶላር ስፖንጅ።

ዓለም ከዚህ ተምሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ያልቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2004፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ «ክሮማኞን» በተባለው አዳራሽ ከታዳሚው መሐል የተተኮሰ ርችት ኮርኒሱን አነደደው፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። 194 ሰዎች ሞቱ። የከተማዋ ከንቲባ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2006 ከሥልጣን ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቡካሬስት ውስጥ «ኮሌክቲቭ» በተባለው ቤት የርችት ብልጭታ በስፖንጅ የተሸፈነ ምሰሶ ነካ፤ 64 ሰዎች ሞቱ፤ በቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጥቶ የሩማኒያን መንግሥት አወረደ። ከሟቾቹ ግማሽ በላይ የሞቱት ግን በዚያች ሌሊት አይደለም፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። የአንድ የስፖርት ጋዜጣ ሪፖርተሮች በሆስፒታሎቹ ጀርሞችን መግደል የነበረበት መድኃኒት በውሃ የቀጠነ መሆኑን አጋለጡ። ይህን የሚያሳየው ዘጋቢ ፊልም ለሁለት የኦስካር ሽልማት ታጭቷል። የስፖርት ጋዜጣ መሆኑ ልብ ይባል።

ለአዲስ አበባ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የብራዚሉ ነው። ሳንታ ማሪያ በተባለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ «ኪስ» የሚባለው ጭፈራ ቤት ጎረቤቶቹን አስመርሮ ነበር። ጎረቤት ከሰሰ፤ ዐቃቤ ሕግ ገባበት፤ ድምፁን እንዲያስተካክል እ.ኤ.አ. በ2011 የስምምነት ሰነድ ተፈረመ። ሁሉም ሕጋዊ፣ ሁሉም ሥርዓት የያዘ ነው። ለድምፁ ተብሎ ከተሠራው ሥራ መሐል መድረኩ ላይ ያለውን ኮርኒስ በስፖንጅ መሸፈን ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2013 ባንዱ ለደጅ የተሠራ ርካሽ ርችት ውስጥ ለኮሰ። 242 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ብዙዎቹ የተገኙት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፤ በጭሱ ውስጥ መውጫ መስሏቸው የገቡት በር ያ ነበር። ለተረፉት የሳያናይድ መርዝ ማርከሻ ከአሜሪካ በአውሮፕላን ተላከ።

የአራቱ ቤቶች ሙታን ሲደመር ልክ 600 ነው።

በስቴሽንና በኪስ የነገሩን ቅደም ተከተል ያየ ሰው አንድ የማይመች ነገር ያያል። ስፖንጁን ያመጣው ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ድምፅ ቀንስ የሚል ተገቢ ጥያቄ ነው ያመጣው። ጎረቤቱ ትክክል ነበር፤ ዐቃቤ ሕጉ ትክክል ነበር። ጥያቄው ግን ከመልሱ ጋር አብሮ አልተላከም፤ ባለቤቱ መልሱን ራሱ ገበያ ወርዶ ፈለገ፤ ገበያው ደግሞ የሸጠለት ያለውን ነው።

ታዲያ እሳት የማይፈራ ስፖንጅ የለም? አለ። ግን «እሳት አይነካውም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያሳሳተ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የፕላስቲክ ኢንዱስትሪውን ከስሶ ነበር፤ ክሱ ፎሞችን «በራሱ የሚጠፋ» ብሎ መሸጥ ሕዝብ ማታለል ነው የሚል ነበር። ኢንዱስትሪው ውሸት አልጻፈም፤ ፈተናውን አልፏል። ፈተናው ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ በትንሽ ቁራጭ ላይ የሚደረግ ነበር። ቁራጭ የሚጠፋው ሙቀቱ ወደ አየር ስለሚበተን ነው። አራት ግድግዳና ኮርኒስ የሸፈነ ስፖንጅ አንዱ ወገን ሌላውን ያሞቀዋል፤ ያኔ በራሱ የሚጠፋ ነገር የለም።

ይህ እዚህ አገር በላይተር የሚደረገውን ፈተናም ይመለከታል። ሻጭ ከጥቅሉ ቆርጦ ላይተር ያስጠጋል፤ ይጨሳል፣ ላይተሩ ሲነሳ ይጠፋል። «ይኸው!» ይላል። ገዢ ይረካል። ላይተሩ አንድ ነገር ብቻ በእርግጠኝነት ያሳያል፦ ቁራጩ እየቀለጠ እየተንጠባጠበ ከነደደ መጥፎ ነው። ካልነደደ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ገዢ ይሻለዋል። «ዩኤል 94 ኤችኤፍ-1» የሚል ማረጋገጫ ያለው ስፖንጅ ብዙ ነው፤ ይህ ፈተና የተዘጋጀው ለመሣሪያና ለዕቃ ክፍሎች ነው፣ ለአዳራሽ ግድግዳ አይደለም። «ኤኤስቲኤም ኢ84» የሚለው ለግድግዳ ነው፤ ነገር ግን ቀልጦ የሚወርድ ፎም በዚህ ፈተና ውስጥ ከሚገባው በላይ ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል። አስተማማኙ ሙሉ ክፍል ሠርቶ ማቃጠል ነው። «ኤንኤፍፒኤ 286» በሚባለው ፈተና 2.4 በ3.7 ሜትር የሆነ ክፍል በዕቃው ተሸፍኖ ጥጉ ላይ እሳት ይለኮስበታል፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በዝቅተኛ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በከፍተኛ ኃይል። እሳቱ ክፍሉን ከዋጠው ዕቃው ወደቀ። በአውሮፓው አሠራር ደግሞ ደረጃው ከኤ1 እስከ ኤፍ ይሄዳል፤ ከጎኑ «ኤስ» የጭሱን መጠን፣ «ዲ» እየነደደ የሚንጠባጠበውን ይነግራል። «ቢ-ኤስ1፣ ዲ0» የሚል ያለው ጥሩ ነው። «ኤፍ» ያለው ወይም ምንም የሌለው ከመድረክ አጠገብ ቦታ የለውም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የሜላሚን ፎም የሚባል አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ልጆች ግድግዳ ላይ የጫሩትን እስኪርቢቶ የሚያጠፋው ያ ነጭ ስፖንጅ የተሠራው ከእሱ ነው። እሳት ሲያገኘው ይከስላል እንጂ እየቀለጠ አይንጠባጠብም። ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተለው የድንጋይ ሱፍ ደግሞ ወደ 1000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይችላል፤ ፋይበር ግላስም አለ። ሁለቱም በጨርቅ ወይም ቀዳዳ በተበሳ ቆርቆሮ ተሸፍነው ሲገጠሙ ድምፅ በመምጠጥ ከተራው ስፖንጅ አያንሱም፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ። በኬሚካል የተነከረ ፖሊዩሬቴንም ይሸጣል። ኬሚካሉ መቀጣጠሉን ያዘገያል፤ ፖሊዩሬቴኑን ግን ሌላ ነገር አያደርገውም። በቂ እሳት ካገኘ ይነዳል፣ ጭሱም ያው ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ የለጠፈ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ካለ ደግሞ የለጠፈው ወረቀት ነው። ድምፁንም ብዙ አይረዳውም፤ በአንድ ዲቫይደር ላይ ስድስት ሶኬት ተሰክቶ ለሚሞቅ ገመድ ግን ጥሩ ማገዶ ነው።

ስለ ጀነሬተር ካልተነሳ ጉዳዩ ይጎድላል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስፖንጅ ከጭፈራ ቤት ይልቅ በጀነሬተር ቤት ውስጥ ሳይበዛ አይቀርም። «ድምፅ አልባ» የሚባለው ጀነሬተር ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጡ በፎም የተሸፈነ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ፎሙ ፊቱ በፎይል ወይም በስስ ፕላስቲክ የታሸገ ይሆናል። ምክንያት አለው፦ ቀዳዳው ክፍት የሆነ ስፖንጅ የናፍጣ ትነትና የሞተር ዘይት ይጠጣል፣ ቀስ በቀስም የኩራዝ ክር ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ፎሙ ይበሰብስና ይረግፋል፤ ጠጋኙ ከፍራሽ ቤት ቆርጦ ያመጣውን ይለጥፍበታል። ጭስ ማውጫው ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ ይግላል። ለዚህ ቦታ የሚሆነው በተበሳ ቆርቆሮ የተያዘ የድንጋይ ሱፍ ነው። ውድ አይደለም፤ የፍራሽ ስፖንጅ ግን ይቀርባል።

ወደ ማስጠንቀቂያው ወረቀት እንመለስ። የአካባቢ ጥበቃው ባለሙያ የሚለካው ዴሲቤል ነው፤ ሥራው ነው። እሳትና አደጋን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው እሳት ማጥፊያው የት ነው፣ መውጫው ስንት ነው የሚል ነው፤ ይህም ሥራው ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በተለያየ ቀን ያንኑ ግድግዳ አይተው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ስፖንጁን ሲያይ ባለቤቱ ትእዛዙን ለመፈጸም የሞከረ ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ እንደ ዌስት ዋርዊኩ ሰው፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት ያያል። «ይህ ምንድን ነው? ከየት ተገዛ? ማረጋገጫው የታለ?» የሚለው ጥያቄ የማን እንደሆነ መለየት አለበት።

ባለቤቱ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው አለ። ማረጋገጫ የሌለውን ስፖንጅ ከመድረኩ ጀርባና ከኮርኒሱ ማውረድ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ኬክና ጠርሙስ ላይ እየተሰካ የሚለኮሰውን ርችት ከቤቱ ማስወጣት ምንም ወጪ የለውም፤ የልደት ባለቤት ቢቀየምም ይቀየም። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ «ቀዝቃዛ» ተብሎ የሚለኮሰውም ስሙ ነው ቀዝቃዛ፤ ብልጭታው የጋለ ብረት ነው። ለጎረቤቱ ሲባል ግን ገንዘቡን በሩ ላይ፣ ግድግዳው ክብደት ላይ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ቤዙን የሚቀንሰው ቁልፍ ላይ ማዋል ይሻላል። ቁልፉ ነፃ ነው።

ባለሥልጣኑም ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ ከዴሲቤሉ ቁጥር ሥር አንድ መስመር ቢጨምር ይበቃል፦ ድምፁን ለመቀነስ ተብሎ የእሳት ማረጋገጫ የሌለው ስፖንጅ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ መለጠፍ አይቻልም። አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። ወረቀቱ ላይ ከፊርማው በላይ ቦታ አለ።